«ነጋዴ የምታሳድድ ልጅ አላሳደግኩም» ላሉት አባትሽ

የሕግ ተመራቂ ተማሪ ነሽ፣ ልብሽ የንግድ ውድድር ሕግ ላይ ነው። መርካቶ ዘይትና ሳሙና የሚሸጡት አባትሽ ግን «ነጋዴ የምታሳድድ ልጅ አላሳደግኩም፣ ባንክ ግቢ» ብለውሻል። ውጤቴ 2.9 ነው፣ ማስተርሱንስ አሁን ልቀጥል ወይ ብለሽም ጠይቀሻል።

በ2.9 ተስፋ አትቁረጪ። ማስተርሱ ይቆይ።

የአባትሽን ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። እኔ ስድስት ዓመት የአንድ ጅምላ አከፋፋይ ሽያጭ ክፍል ሠርቻለሁ። ዘይት ሲጠፋ ባለሱቁ ይመጣና ሃያ ካርቶን ይጠይቃል። «አለ፣ ግን አሥር ካርቶን ሳሙና አብረህ ታነሳለህ» እንለዋለን። ደረሰኙን የምቆርጠው እኔ ነበርኩ። ሳሙናው ወራት ሙሉ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብስ የሰውየው ገንዘብም አብሮ ታስሮ ይከርማል። እሁድ ማታ ደግሞ አለቃችን ለሌሎቹ አከፋፋዮች ይደውላል፤ ሰኞ ጠዋት የሁላችንም ዋጋ፣ እስከ ሳንቲሙ፣ አንድ ይሆናል። በዚህ ሁሉ የሚጎዳው ማን ነው? እንደ አባትሽ ያለው ቸርቻሪ!

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የሚከለክለው ይህንኑ ነው፦ ተፎካካሪዎች ተመሳጥረው ዋጋ መወሰናቸውን፣ ገበያውን የያዘ ሻጭ ያልተፈለገ ዕቃ አጣምሮ መጫኑን፣ የሌላውን ምርት አስመስሎ ገበያተኛ ማደናገርን። አባትሽ የሚፈሩት ሱቅ የሚያሽገውን የዋጋ ቁጥጥር ይመስለኛል (እሱን እኔም አልወደውም)፣ ግን ሌላ ነገር ነው። እውነቱን ለመናገር ሕጉ ለእሳቸው ነው የቆመው፣ እሳቸው ደግሞ ልጃቸውን እንዳትማረው ይከለክላሉ።

ደመወዝን በተመለከተ አልዋሽሽም፣ የመንግሥት መነሻ ደመወዝ ቀጭን ነው። ቤት ኪራይ የምትከፍዪ፣ ታናናሾችሽን የምታስተምሪ ብትሆኚ ባንክ ግቢ እልሽ ነበር። አንቺ ግን የጻፍሽልኝ ስለ ገንዘብ ችግር ሳይሆን ስለ አባትሽ ቁጣ ነው፣ ቁጣ ደግሞ ይበርዳል።

አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ቆመሽ ግን አትጠብቂ። ይህን ሕግ ያስፈጽም የነበረው ራሱን የቻለ ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ገብቷል። የቴሌኮሙ ውድድር በኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን እጅ ነው። ኩባንያዎች ሲዋሃዱ ደግሞ ፈቃድ የሚጠይቁላቸው የሕግ ቢሮዎች አሉ፤ ድንበር የሚሻገረው ውህደት ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ያለው የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡባዊ አፍሪካ የጋራ ገበያ) የውድድር ኮሚሽን ድረስ ይሄዳል። እኔን ብትሰሚኝ ግን መጀመሪያ ሁለት ዓመት ፋብሪካ ወይም አከፋፋይ ጋ ገብተሽ የውልና የሽያጭ ወረቀት ላይ ሥሪ። ዋጋ እንዴት እንደሚቆረጥ ያላየ ሰው ምስጢራዊ ስምምነት ፊቱ ቢቀመጥለትም አያውቀውም።

አዋጁ በአማርኛም ስለተጻፈ ለአባትሽ አንብቢላቸው። ከዚያ ሳይፈልጉ ያነሱት ዕቃ ካለ ጠይቂያቸው፣ ስንት ካርቶን እንደሆነም ጻፊልኝ።