ጥያቄና መልስ፦ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ስላለው የጀርመንኛ ማዕከል

አሜሪካ፣ ማዲሰን ከተማ፣ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስላለው የማክስ ካዴ ኢንስቲትዩት የጠየቃችሁኝን እነሆ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማዕከሉ ጀርመንኛ ያስተምራል?

ጀርመንኛ የሚያስተምረው የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ክፍል ነው። የኢንስቲትዩቱ ጉዳይ ወደ አሜሪካ የፈለሱት ጀርመኖችና ዘሮቻቸው ናቸው፤ ምን ተናገሩ፣ ምን ጻፉ፣ ምን አሳተሙ የሚለውን ያጠናል፣ ለአካባቢው ሕዝብም ያካፍላል። የተቋቋመው በ1983 ነው፤ ጀርመኖች ፔንሲልቬንያ ውስጥ ጀርመንታውን ላይ ከሰፈሩ ልክ 300 ዓመት ሲሞላ። አሜሪካ ውስጥ በጀርመንኛ የታተሙ መጻሕፍት የተሰበሰቡበት ቤተ መጻሕፍት አለው።

እኔ ግን ከሁሉ የማስበልጠው የድምፅ ክምችቱን ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች በየገጠሩ እየዞሩ የሽማግሌዎችን ንግግር ቀድተዋል። በጀርመንኛ ዘዬ ጥናት ጌዎርግ ቬንከር የሚባል ጀርመናዊ የቋንቋ አጥኚ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአካባቢያቸው አነጋገር እንዲጽፉለት ለየመንደሩ መምህራን የላካቸው 40 የታወቁ ዓረፍተ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው «በብርድ ወራት የደረቁ ቅጠሎች በአየር ላይ ይበራሉ» የሚል ነው። አንድ ገበሬ ይህችን ብቻ በቤቱ አነጋገር ሲላት፣ አያቶቹ ከየትኛው የጀርመን አካባቢ እንደመጡ ጆሮው የለመደ አጥኚ ብዙ ፍንጭ ያገኝባታል።

ጥያቄ፦ ማክስ ካዴ ማን ነው?

በ1882 ጀርመን የተወለደ፣ አሜሪካ መጥቶ ፐርቱሲን በሚባል የሳል መድኃኒት የከበረ ሰው ነው። በ1944 በስሙ ፋውንዴሽን አቋቋመ። በሌሎች የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎችም ስሙን የያዙ ማዕከላት ያሉት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጀርመንኛ ከዊስኮንሲን የጠፋው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥላቻ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ጦርነቱ አፋጥኖታል፤ ነገሩ የጀመረው ግን ቀደም ብሎ ነው። ዊስኮንሲን ውስጥ ፍራይሽታት የምትባለውን መንደር በ1839 የመሠረቱት የፖመርን (ያኔ የፕሩሲያ ግዛት) ሉተራውያን፣ የፕሩሲያ ንጉሥ ቤተ ክርስቲያናቸውን ከሌላ ጋር ቢያዋህድባቸው አገር ጥለው የመጡ ናቸው። እንዲህ ያለ ሕዝብ ሃይማኖቱንም ቋንቋውንም በቀላሉ አይለቅም። ትምህርት ቤቱ፣ ስብከቱ፣ ጋዜጣው በጀርመንኛ ነበር። ሀስቲስፎርድ በምትባል አካባቢ በ1910 የሕዝብ ቆጠራ ከአራት ሰው አንዱ ያህል የሚችለው ጀርመንኛ ብቻ ነበር፤ ከእነዚህም ጥቂት የማይባሉት እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ናቸው። «የድሮ ስደተኞች ቶሎ እንግሊዝኛ ተምረው ነበር» ለሚሉ ሁሉ ይህን ንገሯቸው።

በ1889 የቤኔት ሕግ የተባለው የዊስኮንሲን ሕግ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ሲያዝ ሉተራኑና ካቶሊኩ አብረው ተነሡ። ሕጉን የደገፈው አገረ ገዢ በማግስቱ ዓመት በምርጫ ወደቀ፤ ሕጉም በ1891 ተሻረ። አያችሁ፣ በሕግ ፊት ለፊት ሲመጡባቸው አሸንፈዋል። ያሸነፋቸው ቀስ ያለው ነገር ነው። በመንደሩ ሰዎች እጅ የነበረው ትምህርት ቤት ወደ ግዛቱ አስተዳደር ሄደ፣ ጋዜጣው ተዘጋ፣ በመጨረሻም ስብከቱ እንግሊዝኛ ሆነ። ልጁ ከቤት ሲወጣ ጀርመንኛ የሚፈልግበት ቦታ አጣ። ከዚያ በኋላ ወላጅ ብቻውን ሊይዘው አልቻለም።

ጥያቄ፦ የጀርመን አያት ደብዳቤ ያገኘ አሜሪካዊ ማንበብ ይችላል?

ጀርመንኛ ቢያውቅ እንኳ ይቸገራል። የድሮው የእጅ ጽሕፈት ኩረንት ይባላል፤ «ኤ» (e) የሚነበበው ፊደል ቁርጥ «ኤን»ን (n) ይመስላል፤ «ኡ» (u) ደግሞ ከላዩ ቅስት ካልተደረገበት ከ«ኤን» አይለይም። የዛሬ ጀርመኖችም ካልተማሩት አያነቡትም። ስለዚህ የቤተሰብ ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ይህን ጽሕፈት የሚያውቅ ባለሙያ ትልቅ ባለውለታ ነው።

ጥያቄ፦ ጀርመን ለመማር ማመልከት እፈልጋለሁ፤ ይረዱኛል?

አይ ወንድሜ፣ ሥራቸው አይደለም። አዲስ አበባ ከሆንክ ጎተ ኢንስቲትዩት ሂድ፤ የጀርመንኛ ኮርሱም ፈተናውም እዚያ አለ።

ጥያቄ፦ ሁለት ልጆቼ እዚሁ አሜሪካ ተወልደዋል፤ አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም። ከጀርመኖቹ ምን እንማር?

እኅቴ፣ በእኔ እምነት ትልቁ ነገር አማርኛ የግድ የሚላቸው ቦታ ከቤት ውጭ መኖሩ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም የመስጊዱ ትምህርት «ልጆቹ እንዲገባቸው» ተብሎ ሙሉ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ እንዳይዞር ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆናችሁ ተከራከሩ። እንግሊዝኛውን ጨምሩ፣ አማርኛውን ግን አታስወጡ። አያት ካሏቸው ደግሞ በአማርኛ ብቻ የሚያወሯቸው እሳቸው ይሁኑ።

አያትየውንም ዛሬውኑ ቅጃቸው፤ ስልክሽ ይበቃል። መጀመሪያ ፈቃዳቸውን ጠይቂ። ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ቀበሌ፣ የተቀዳበትን ቀን በራሳቸው አንደበት ያስገቡ። ቴሌቪዥኑን አጥፊ። ስለ ሰርጋቸው፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ጎረቤታቸው ጠይቂና ሳታቋርጪ ስሚ። ቅጂውን ከስልክሽ ሌላ አንድ ቦታ አስቀምጪ፤ ጥያቄውን ልጆቹ ራሳቸው ቢጠይቁ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።