ስሙን ዋስ አድርገን ስንጠራ

ውድ ልጆቼ፣

ለ34 ዓመታት በአዲስ አበባ ፍርድ ቤቶች ጥብቅና ቆሜ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ማለዳ ማለዳ ከአራት ኪሎ ተነሥቼ በእግሬ እስከ አራዳ ጊዮርጊስ እሄዳለሁ። በዚያች አጭር መንገድ የእግዚአብሔር ስም ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ልብ ብትሉ ትደነቁ ነበር። ታክሲ ውስጥ ተጋፍቶ የገባው «በስማም!» ይላል፤ ስልኳ ከእጇ የወደቀባት ልጅ «እግዚኦ!» ትላለች፤ ወርቅ ቤት በር ላይ የቆመው ደላላ «እመብርሃንን፣ ከዚህ በታች አይሆንም» ይላል፤ ስለ ኳስ የሚከራከሩ ሁለት ተማሪዎች ሲያልፉ ደግሞ አንደኛው «ፈጣሪን! በዓይኔ ነው ያየሁት» ብሎ ይምላል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስደርስ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ግንቡን በግንባራቸው የተደገፉ እናት ያንኑ ስም በሹክሹክታ ይጠራሉ። ቀና ብለው እንባቸውን ሲጠርጉ የግንቡ ድንጋይ ላይ እርጥበቱ ይቀራል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ለመለመን ነው፤ ያንን ስም ለቃላችሁ ዋስ አድርጋችሁ መጥራትን እንድትተዉ።

በእኛ ሙያ «ምስክር ጥራ»፣ «ዋስ ጥራ» ይባላል። የተጠራ ሰው ይመጣል፤ ዋስ ሆኖ የተጠራም በሌላው ዕዳ ይያዛል። ሳያውቅ ስሙ የዋስትና ውል ላይ ሰፍሮ መጥሪያ የደረሰው ሰው ችሎት ሲገባ ፊቱ ምን እንደሚመስል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያንገበግበው ስሙን ሰው እንዳሻው ማድረጉ ነው። «የእግዚአብሔር የአምላክህን ስም በከንቱ አትጥራ» የሚለው የዘጸአት 20፥7 ትእዛዝ በአማርኛችን በዚሁ «ጠራ» በሚለው ግስ መነገሩ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። በዕብራይስጡ የገባው ግስ ማንሣት፣ መሸከም የሚል ትርጉም አለው፤ እኛም «ስሙን አታንሣብኝ» ስንል ያንኑ ማለታችን ነው። «ከንቱ» ተብሎ የተተረጎመው ቃል ደግሞ ባዶም ሐሰትም ማለት ሲሆን፣ ትእዛዛቱ በዘዳግም ምዕራፍ 5 ሲደገሙ በሐሰት መመስከርን በሚከለክለው ትእዛዝ ላይም ያው ቃል ተመልሶ ይመጣል። ዕድሜውን በምስክር ቃል መካከል ላሳለፈ ሰው ይህ ብዙ ይናገራል፤ ስሙን በከንቱ ማንሣትና በሐሰት መመስከር በአንድ ክር የተሰፉ ናቸውና።

የቀደሙት ይህን ስም እንዴት እንደያዙት አስቡ። አይሁድ በአራት ፊደላት የተጻፈውን ስም በንባብ ሲያገኙት እንደ ተጻፈ አያነቡትም፤ በፋንታው «አዶናይ»፣ ጌታዬ፣ ይላሉ። ወደ ግሪክ የመለሱትም «ኪርዮስ» የሚለውን አኖሩ። የእኛ አባቶች ከግሪኩ ወደ ግእዝ ሲመልሱ «እግዚእ» እና «ብሔር» ከሚሉት ቃላት የተገኘውን፣ የዓለም ጌታ የሚል ትርጉም ያለውን ስም ጻፉልን። ብራና ላይ የሚጽፈው ቁም ጸሐፊ ደግሞ የአምላክን፣ የእመቤታችንን ወይም የቅዱሳንን ስም ሲደርስ ጥቁሩን ብዕር አስቀምጦ የቀይ ቀለሙን ብዕር ያነሣል። ቀዩን ለመሙላት ቦታ ትቶ አልፎ በኋላ የሚመለስበትም ጊዜ አለ። የድሮ ብራና የማየት ዕድል ካገኛችሁ ጥቁሩ መስመር መካከል ቀይ ሆነው የወጡትን ቃላት ፈልጉ። ጸሐፊው እጁ ስንት ጊዜ እንዳረፈ መቁጠር ትችላላችሁ። እኛ በምላሳችን ያጣነው ያችን ዕረፍት ይመስለኛል።

ሕግ ነክ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። አገራችን ጎዳና ላይ ፖሊስ ሳይቆም በፊት ሰውን የሚያስቆም አንድ ቃል ነበረ፤ «በሕግ አምላክ!» የሚል። ተበዳይ ይህን ሲል በዳይ መሸሽ ያፍራል፤ መንገደኛውም ቢሆን ተጠርቶ የመንገድ ዳኛ ሆኖ ይቀመጥና ሁለቱን ይሰማል። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ወደ ዳኛ የሚሄዱበት ዘመን ነበር። «በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ይባል የነበረው በዋዛ አይደለም። የአምላክ ስም ያለ ዱላና ያለ ሰንሰለት ሰውን ለማቆም የበቃው፣ የሚጠራው በተገቢው ቦታ ብቻ ስለነበር ነው። ዛሬ ልጆች ጠጠር ሲቀማሙ እንኳ «በሕግ አምላክ» ሲሉ እሰማለሁ፤ የሚቆምላቸው ግን የለም።

አሁን ለማንም በጽሑፍ ነግሬ የማላውቀውን ልንገራችሁ። ጥብቅና በጀመርሁ በሦስተኛው ዓመት የአንድ ቤት ኪራይ ክርክር ያዝሁ። ደንበኛዬ ገንዘቡን ከፍያለሁ ይላል፤ ደረሰኝ ግን የለውም። ምስክር አድርጎ የቆጠረው ጎረቤቱን ነበር። ከቀጠሮው በፊት በነበረው ምሽት ሰውየውን ቢሮዬ አስቀምጬ አነጋገርሁት። ገንዘብ ሲቆጠር አላየም፤ ተከፈለ ሲባል ነው የሰማው። ውሸት ተናገር አላልሁትም። «እዚያው ነበርህ አይደል? በደንብ አስታውስ እንጂ» ነው ያልሁት። ይህንኑ አራት ጊዜ ያህል ደጋገምሁት፤ ሰውየውም የምፈልገው ገባው። በማግስቱ ችሎት ፊት ቆሞ ቀኝ እጁን ሲያነሣ መጀመሪያ የተመለከተው ዳኛውን ሳይሆን እኔን ነበር። የሸሚዙ እጅጌ ቁልፍ ተበጥሶ ክሩ ተንጠልጥሏል። ማለ፤ «በዓይኔ አይቻለሁ» አለ፤ ረታን። ደንበኛዬ ኮሪደሩ ላይ እጄን ጨብጦ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ፤ እኔም «አብሮ ይስጠን» አልሁት።

በሐሰት መመስከር በሕጋችን ያስቀጣል፤ እኛን ግን የከሰሰን አልነበረም። በትእዛዙ መጨረሻ ያለውን፣ ስሙን በከንቱ የሚጠራውን እግዚአብሔር ከበደል አያነጻውም የሚለውን ቃል ያኔ ነው ያወቅሁት። መዝገቡ ተዘግቶ ጉዳዩ የማይዘጋበት ነገር አለ። ንስሐ ገብቼበታለሁ። ያለ አግባብ የተረታውን ሰው ከዓመታት በኋላ ፈልጌው ነበር፤ አላገኘሁትም። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያ ክር ነው።

ከዚያ በኋላ ስንት ምስክር አይቻለሁ፤ ከሁሉም አንዲት እናት አይረሱኝም። የውርስ ክርክር ነበር፤ ምስክርነታቸውም ለእኛ ወገን ነው። ዳኛው እንዲምሉ ሲያዝዟቸው ነጠላቸውን ከራሳቸው ዝቅ አድርገው ጥቂት ቆዩና «ጌታዬ፣ ከመማሌ በፊት የማላውቀውን ልንገርዎ» አሉ። ከዚያም ቀኑን እንደማያስታውሱ፣ የተጻፈው ወረቀት ሲነበብ ጓዳ ስለነበሩ ግማሹን እንዳልሰሙ፣ ሟች ስለ ቤቱ ምን እንዳሰቡ ሊያውቁ እንደማይችሉ አንድ በአንድ ተናገሩ። ለክሳችን ከሚጠቅመው ግማሹን ሳይምሉ አፈረሱት። ይህን ከጨረሱ በኋላ ነው እጃቸውን ያነሡት፤ የመሰከሩትም ስለ አንድ ነገር ብቻ፣ በዚያ ቀን ማን ማን ቤቱ ውስጥ እንደነበረ ነው። የተከራካሪያችን ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ እንዳለው ሲጠየቅ የለኝም ብሎ ተቀመጠ። ጠያቂ እንዲህ ዝም ሲል ያየሁበት ጊዜ ጥቂት ነው።

«ታዲያ መሐላ ራሱ ተከልክሎ የለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በ1954 ዓ.ም. ሲወጣ ምስክር ከመናገሩ በፊት እንዲምል አዘዘ፤ በዚያው ዓመት የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በማቴዎስ 5፥34 «ከቶ አትማሉ» የሚለውን የጌታን ቃል ይዟል። ይህ ጥያቄ በወጣትነቴ አስጨንቆኛል። ያሳረፈኝ የማቴዎስ ምዕራፍ 26 ነው። በዚያች ሌሊት በሊቀ ካህናቱ ቤት ሁለት ሰዎች ተጠይቀዋል። ውጭ ግቢው ውስጥ ጴጥሮስ መጀመሪያ እንዲሁ ካደ፤ ሁለተኛ ሲጠየቅ ምሎ ካደ፤ ሦስተኛ ሲጠየቅ በመሐላው ላይ እርግማን ጨመረበት። የምስክር ቃል ሲደክም መሐላው እንዴት እንደሚከብድ በዕድሜ ዘመኔ ያየሁት በትክክል እንዲህ ነው፤ ጌታ አትማሉ ባለበት ቦታ ቃላችሁ «አዎን አዎን» ወይም «አይደለም አይደለም» ይሁን ሲል ግን ጴጥሮስ ራሱ ከሰሚዎቹ አንዱ ነበረ። ውስጥ ደግሞ ጌታ ለሐሰት ምስክሮቹ አንዳች ሳይመልስ ቆይቶ፣ ሊቀ ካህናቱ በሕያው እግዚአብሔር ሲያምለው ሞት እንደሚያስፈርድበት እያወቀ መለሰ። ስለዚህ እኔ የምለው፣ ሕግ ሲያዝዛችሁ እንደዚያች እናት እየፈራችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከችሎት ውጭ ግን አትማሉ ነው። ከዚህ አጥብቀው ችሎት ውስጥም የማይምሉ ክርስቲያኖች አሉ፤ አከብራቸዋለሁ።

ይህን ስል ከአንደበታችሁ ስሙን አስወግዱ ማለቴ እንዳይመስላችሁ። «እንደምን አደራችሁ» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ሕዝብ ልጆች ናችሁ፤ ይህ ሰላምታ ከጠፋ ብዙ ነገር ይጠፋል። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ደጃፍ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፣ ስለ ማርያም ስም ብላችሁ ማለቱ ነው፤ ዘመዱ ሩቅ ነውና የያዘው ስሟን ብቻ ነው። ይህ በከንቱ መጥራት አይደለም። «እግዜር» ማለት ስሙን ማቃለል ነው የሚሉ ሰዎችም አሉ፤ እኔ አልስማማም፤ አያቴ ከ«እግዜር» ሌላ አጠራር ሳያውቁ፣ ስሙን ሲጠሩ ግን ሁልጊዜ ቀና ብለው ነበር። «እግ/ር» እያላችሁ በስልክ ስትጽፉ ግን አንዲት ቃል ሞልቶ ለመጻፍ ያን ያህል ቸኩላችሁ እንደሆነ ራሳችሁን ብትጠይቁ ደስ ይለኛል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ያደጋችሁም «በኢየሱስ ስም» የሚለው ቃል በጸሎት መጨረሻ ላይ ከልብ ሲወጣ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ጉልበት ሁሉ የሚንበረከክለት ስም ነውና፣ ሰው በሠራው ስሕተት ስትናደዱ እንደ ስድብ አትወርውሩት።

ጭንቀት ሲመጣ «አምላኬ!» ብሎ መጮህም ጸሎት ሊሆን ይችላል። እኔ የምፈራላችሁ ሌላውን ነው፤ ለዋጋ፣ ለቀጠሮ፣ ለምክንያት፣ ለኳስ የሚጠራውን። አለቃችሁ ሥራው መቼ እንደሚያልቅ ሲጠይቃችሁ «ሐሙስ አስረክባለሁ» በሉና ሐሙስ አስረክቡ። ካልደረሰላችሁ ረቡዕ ተናገሩ። ስንቶቻችሁ ወልደ ሚካኤል፣ ገብረ እግዚአብሔር፣ ኃይለ ማርያም የሚል ስም በመታወቂያችሁ ላይ ይዛችሁ ትዞራላችሁ፤ የአባታችሁ ወይም የአያታችሁ ስም ሆኖም ቢሆን። ውል ላይ በፈረማችሁ ቁጥር ያ ስም አብሮ ይፈርማል። ምንም ሳትምሉ ማላችኋል ማለት ነው።

በቀደም ፒያሳ ጫማ ልገዛ ገብቼ ነበር። ሻጩ ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ነው፤ ገና ዋጋውን ስጠይቀው «እመብርሃንን አባባ፣ ሳላተርፍ ነው የምሰጥዎት» አለኝ። ጫማውን እንደያዝሁ «ልጄ፣ ሳትምልልኝ ዋጋውን ብቻ ንገረኝ» አልሁት። ልጁ ደንገጥ አለ፤ ጫማውን ከእጄ ተቀብሎ ሶሉን አገላብጦ አየው፤ አንድ ሁለት ጊዜ ሊናገር ብሎ ተወው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዋጋው ያው ነው አባባ፤ ትንሽ አተርፍበታለሁ» አለ። አመንሁትና ሳልከራከር ከፈልሁ።