ኤ ፕላስ ወይስ ኢ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ ሁለት ተቀራራቢ ፍሪጆች አየሁ። አንዱ ላይ «ኤ ፕላስ» እና 290፣ ሌላው ላይ «ኢ» እና 232 የሚል ተለጥፏል። ሻጩ «ኤ ካለ በኋላ ምን ቀረ?» አለኝ። የኢው ዋጋ ግን ወደድ ይላል። የቱን ልግዛ? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ሁለቱ ፊደሎች የአንድ ሚዛን አይደሉም። የአውሮፓ ኅብረት የፍሪጅ ደረጃ ቀድሞ ከኤ ሦስት ፕላስ ጀምሮ ይወርድ ነበር። ዕቃው ሁሉ ከላይ ሲታጨቅ፣ እ.ኤ.አ. በማርች 2021 ፕላሱ ተሰርዞ ከኤ እስከ ጂ እንደ አዲስ ተደለደለ። አዲሱን በቀኝ የላይኛው ጥግ ባለው ኪውአር ኮድ ይለዩታል። ፕላስ ካለው የድሮው ነው፤ የዛሬው ኢ ደግሞ ከድሮው ኤ ፕላስ ሊሻል ይችላል። የእኛም የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ስለ ኢነርጂ ብቃት ይደነግጋል፤ እርስዎ ሱቅ ውስጥ ያዩት ግን የአውሮፓውን ነው።

ፊደሉን ትተው ቁጥሩን ያንብቡ። በዓመት የሚፈጀው ኪሎዋት ሰዓት ነው። ልዩነቱ 58፣ በአሥር ዓመት 580 ይሆናል። ይህን በመብራት ቢልዎ ላይ ባለው የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አባዝተው ከዋጋ ልዩነቱ ጋር ያስተያዩ። ግምት ነው እንጂ ልኩ አይደለም፤ የድሮው በ25 ዲግሪ ክፍል፣ አዲሱ በ16 እና በ32 ዲግሪ ነው የተለካው። የሊትር መጠናቸውም መቀራረቡን ያረጋግጡ።

ለአዲስ አበባ ከፊደሉ እኩል የሚያሳስበው የአየር ጠባይ ምድቡ ነው፤ በሩ ውስጥ ወይም ከጀርባው ባለው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ኤስኤን ከ10 እስከ 32 ዲግሪ፣ ኤን ከ16 እስከ 32፣ ቲ ከ16 እስከ 43 ለሆነ ክፍል ነው። ሻጩ «ለአፍሪካ ቲ ነው» ቢልዎት ለአፋር ይሁንለት። በክረምት ማድ ቤትዎ ከ16 በታች ሲወርድ፣ አንድ ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) ብቻ ያለው ፍሪጅ የታችኛው ክፍል ስለቀዘቀዘለት ኮምፕሬሰሩን አያስነሳም፤ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ይቀልጣል። ጠጋኝ ተጠርቶ «ጋዝ ጨርሷል» ይላል፤ ሳይጎድል ይሞላል፤ ችግሩ ግን እዚያው ነው። ኤስኤን ያለበትን፣ ወይም «ከኤስኤን እስከ ቲ» የሚለውን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከካሊፎርኒያ ፍሪጅ ልትልክልኝ ነው። እዚያ ሕጉ ጥብቅ ስለሆነ መብራት አይበላም ትላለች። በትራንስፎርመር ይሠራል? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ስለ ሕጉ እውነቷን ነው፤ ካሊፎርኒያ ለዚሁ የቆመ የኢነርጂ ኮሚሽን በሕግ ያቋቋመችው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው። የአሜሪካ ፍሪጅ ላይ የሚለጠፈው ቢጫው የፍጆታ ተለጣፊ ላይ ያለው ቁጥር ግን በ60 ኸርዝ (የመብራቱ ሞገድ በሴኮንድ የሚደጋገምበት ብዛት) የተለካ ነው። ትራንስፎርመር 220ውን ወደ 110 ያወርዳል እንጂ የእኛን 50 ኸርዝ አይለውጥም። ተራ ኮምፕሬሰር በአንድ ስድስተኛ ያህል ቀንሶ ይዞራል፤ በዚያው ቮልቴጅ ሞተሩ ይግላል። ትራንስፎርመሩ ራሱም ፍሪጁ ባረፈበት ሰዓት ይፈጃል፦ 20 ዋት ብቻ ቢሆን እንኳ በዓመት 175 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ የተቆጠበውን ይውጠዋል። ሰሌዳው ላይ «50/60 ኸርዝ» እና «220–240 ቮልት» ከሌለ ገንዘቡን ትላክልዎትና እዚሁ ይግዙ።