«የምደብቀው ነገር የለኝም» ለምትሉ፦ ስለ ፖሊስ ሥልጣንና ስለ መብት ጥያቄና መልስ

ስለ ፖሊስ ሥልጣን መስፋት ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ዘነበብኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ። የሕግ ሰው ስለሆንኩ ምሳሌ አበዛለሁ፤ ቻሉኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሌባ አይደለሁም፤ አሸባሪም አይደለሁም። መንግሥት ስልኬን ቢጠልፍ፣ መረጃዬን ቢሰበስብ ምን ያስጨንቀኛል?

መልስ፦ ይህን የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ ስለዚህ ረዘም ላድርገው። የአንተን ንጹሕነት የተጠራጠረ የለም። ጭንቀቱ መረጃው ነገ በማን እጅ ይገባል የሚለው ነው።

ኔዘርላንድስን እንውሰድ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በሚገባ የተደራጀ የነዋሪዎች መዝገብ ነበራት። ካርዱ ላይ ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን አለ። ሃይማኖትም አለ። ያዘጋጁት ሰዎች ክፋት አላሰቡም፤ ለአስተዳደር ሥራ ነው። በ1940 ናዚ ጀርመን አገሪቱን ስትወር መዝገቡ ተዘጋጅቶ ጠበቃት። አይሁዳዊው ማን እንደሆነና የት እንደሚኖር ለማወቅ ብዙ መድከም አላስፈለጋትም። ማርች 27 ቀን 1943 የፖሊስ ልብስ የለበሱ አርበኞች የአምስተርዳም መዝገብ ቤት ገቡ። ጠባቂዎቹን በመርፌ አስተኙ፤ ካርዱን ከየመሳቢያው አውጥተው ከመሩና በፈንጂ አጋዩት። የተቃጠለው ከጠቅላላው ትንሹ ክፍል ብቻ ነበር። ከአርበኞቹ 12ቱ በዚያው ዓመት ተረሸኑ።

እንግዲህ ሲመዘገቡ እነዚያ ሰዎችም የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውም።

ጥያቄ፦ አደጋ ሲመጣስ? ፖሊስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ?

መልስ፦ ኧረ አይቀመጥ። ዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ራሱ በአንቀጽ 4 ልዩ ሥልጣን ይፈቅዳል። የሕዝብ ህልውና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ያውም ሁኔታው ግድ በሚለው መጠን ብቻ። ያኔም ቢሆን ሰውን ማሰቃየት አይፈቀድም።

እኔን የሚያሳስበኝ መውጫው ነው። ግብፅ በ1981 ፕሬዚዳንት ሳዳት ሲገደሉ አስቸኳይ ጊዜ አወጀች። አዋጁ የተነሳው በ2012 ነው። በመካከል አንድ ትውልድ ተወልዶ፣ ተምሮ፣ ወልዷል። ብሪታንያ በ1974 የበርሚንግሃም ፍንዳታ በደረሰ በቀናት ውስጥ የፀረ ሽብር ሕግ አወጣች፤ ጊዜያዊ ነው ተባለ። እየታደሰ ሩብ ምዕተ ዓመት ከቆየ በኋላ በ2000 የወጣው ቋሚ ሕግ ተካው። ፈረንሳይ ደግሞ ብልሃተኛ ናት። በኖቬምበር 2015 ያወጀችውን የአስቸኳይ ጊዜ በ2017 አነሳች። ከማንሳቷ በፊት ግን ከልዩ ሥልጣኖቹ ዋና ዋናዎቹን በመደበኛ ሕግ ውስጥ አስገባቻቸው። አዋጁ ሄደ፣ ጓዙ ቀረ።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ስለላ አሸባሪ አላስያዘም ልትለን ነው?

መልስ፦ ስለ ስለላ ሁሉ እንዲያ አልልም። ዒላማው የታወቀ፣ ዳኛ የፈቀደው ክትትል ብዙ ጊዜ ይሠራል። የማልደግፈው የሁሉንም ሰው መረጃ ጠርጎ መሰብሰብን ነው። አሜሪካ ከ2001 ጥቃት በኋላ በወጣው ሕግ አንቀጽ 215 ሰበብ የሚሊዮኖችን የስልክ ጥሪ መዝገብ ትሰበስብ ነበር፤ ማን ለማን፣ መቼ፣ ለስንት ደቂቃ ደወለ። ነገሩ በ2013 የአሜሪካ የስለላ ተቋም የኮንትራት ሠራተኛ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ባወጣቸው ሰነዶች ተጋለጠ። ምስጢሩን ሁሉ ማየት የተፈቀደለት የመንግሥቱ የራሱ ገለልተኛ ቦርድ መረመረና በጃንዋሪ 2014 ሪፖርት አወጣ፦ ፕሮግራሙ በፀረ ሽብር ምርመራ ውጤት ላይ ተጨባጭ ለውጥ ያመጣበት አንድም አጋጣሚ አላገኘም። በ2015 ኮንግረሱ የጅምላውን ስብሰባ አስቆመ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፍርድ ቤት እያለ ይህን ያህል መፍራት ምንድን ነው?

መልስ፦ ፍርድ ቤትን እወዳለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ግን ፍርድ ቤትም ይፈራል። ህንድ ከጁን 1975 እስከ ማርች 1977 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበረች። ሺዎች ያለ ፍርድ ታሰሩ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛ ካና የመንግሥትን ዋና ጠበቃ አንድ ነገር ጠየቁ፦ አንድ ፖሊስ በግል ቂም ተነሳስቶ ሰው ቢገድል፣ ቤተሰቡ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል? መልሱ፣ አዋጁ እስካለ ድረስ አይችልም ነበር። እንዲህ ተብሎም በ1976 አራት ዳኞች ለመንግሥት ፈረዱ። በተቃራኒ የቆሙት ካና ብቻ ናቸው። ተራቸው በነበረው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የፕሬዚዳንትነት ወንበርም በዓመቱ ሌላ ዳኛ ተቀመጠበት። ፍርድ ቤቱ ያን ውሳኔ የሻረው በ2017 ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጥያቄ፦ ተስፋ አስቆረጥከን። ተነጥቆ የተመለሰ መብት የለም?

መልስ፦ አለ እንጂ! እዚያው ህንድ አዋጁ ካበቃ በኋላ በ1978 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ። «የውስጥ ብጥብጥ» የሚለው ልቅ ምክንያት ወጥቶ «የታጠቀ አመፅ» ተተካ። በሕይወትና በነጻነት የመኖር መብትን ለማስከበር ፍርድ ቤት መሄድ በአስቸኳይ ጊዜም እንዳይታገድ ተደረገ። ብሪታንያ ውስጥ ደግሞ ፖሊስ ያለ አንዳች ጥርጣሬ መንገደኛን አስቁሞ እንዲፈትሽ የሚፈቅድ አንቀጽ ነበር። በመጨረሻው ሙሉ ዓመት ከ100 ሺህ በላይ ፍተሻ ተደረገ፤ በሽብር የተያዘ ግን አንድም የለም። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2010 መብት ይጥሳል አለ፤ አንቀጹም ተሰረዘ። ክሱን ያመጡት ወደ ሰላማዊ ሰልፍ ሲሄዱ የተፈተሹ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ ፊት የሚለይ ካሜራስ?

መልስ፦ አጭር ልሁን። የጣት አሻራህን ሲወስዱ ታውቃለህ፤ ፊትህን ሲወስዱ አታውቅም። በ2020 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የደቡብ ዌልስ ፖሊስ የተጠቀመበት መንገድ ሕጋዊ አይደለም ያለው ማን ይፈለግ፣ ካሜራው የት ይተከል የሚለው ሁሉ ለፖሊሶቹ ውሳኔ ስለተተወ ነው።

ጥያቄ፦ ፖሊስ ነኝ። እናንተ ስትጽፉ እኛ ሁሌ ጭራቅ ነን። ሥራችንን እንዴት እንሥራ?

መልስ፦ ቅሬታህ ይገባኛል። ግን ቁጥጥር ለአንተም ጋሻ ነው። በእንግሊዝና ዌልስ የ1984ቱ የፖሊስ ሕግ የተጠርጣሪ ቃል በቴፕ እንዲቀረጽ መንገድ ሲከፍት ብዙ ፖሊሶች አጉረመረሙ። ከዚያ በፊት መርማሪው ቃሉን በእጁ ይጽፋል፤ ተከሳሹ ችሎት ላይ «ያላልኩትን ነው የጻፈብኝ» ይላል፤ ያ ክርክር ቀን ይበላል። ቴፑ ሲመጣ ክርክሩ ቀነሰ፤ ያጉረመረሙትም ወደዱት። በደንብ የሚሠራ መርማሪ ያተረፈው በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ረቂቅ ሕግ ሲወጣ እኔ ተራ ሰው ምኑን ልይ?

መልስ፦ መግቢያውን ዝለይው፤ እሱ ሁሌም ያማረ ነው። መጀመሪያ የሚያበቃበትን ቀን ፈልጊ። ከሌለ አንደኛው ችግር እሱ ነው። ከዚያ ፈቃድ ሰጪው ማን ነው? ዳኛ ከሆነ ደህና። የፖሊስ አዛዥ ለፖሊስ ከፈቀደ ግን ፈቃድ አልለውም። ቀጥሎ «እና መሰል ተግባራት» የሚል ሐረግ ካየሽ አስምሪበት። ነገ ጋዜጠኛውም፣ ሰልፈኛውም የሚገባው በእሱ በኩል ነው። ለፀረ ሽብር የተሰበሰበ መረጃ ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል ይከለክላል ወይ የሚለውንም እይ። ብዙዎቹ አይከለክሉም።

ጥያቄ፦ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቁሞ «ስልክህን ክፈት» ቢለኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እንደየአገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2014 በሙሉ ድምፅ የታሰረን ሰው ስልክ እንኳ ለመበርበር በመርህ ደረጃ የዳኛ ማዘዣ ያስፈልጋል ብሏል። በብሪታንያ አየር ማረፊያ ግን በፀረ ሽብር ሕጉ ላስቆመህ ፖሊስ የይለፍ ቃል አልሰጥም ማለት ያስከስሳል። ስለዚህ የምትኖርበትን አገር ሕግ አስቀድመህ እወቅ። በየትኛውም ቦታ ቢሆን አትታገል፤ አትሩጥ፤ አትዋሽ። «ማዘዣ አለዎት? ፈቃዴን አልሰጠሁም» በል፤ ድምፅህን ሳታነሳ። የፖሊሱን መለያ ቁጥርና ሰዓቱን ያዝ። የጠበቃህን ወይም የቤተሰብህን ስልክ ቁጥር ደግሞ በቃልህ አጥና፤ ስልኩ ከተወሰደ ቁጥሩም አብሮ ነው የሚሄደው።