ዊንዶውስ 98 በ1 ጊጋባይት ራም ላይ ለምን ይቆማል?

ጥያቄ፦ የማኅበራችን የድሮ መዝገቦች የተጻፉት ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የሁሉንም ቋንቋ ፊደላት የሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት) በፊት በነበረ የግዕዝ ሶፍትዌር ነው። በአዲስ ኮምፒውተር ስንከፍታቸው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናሉ። ስለዚህ ባንድ ፔንቲየም 4 ላይ ዊንዶውስ 98 ሁለተኛ እትም ልጭን ብሞክር፣ ፋይሎቹን ገልብጦ ሪስታርት ካደረገ በኋላ ሚሞሪ አልበቃኝም ብሎ ይቆማል። ራሙ ግን 1 ጊጋባይት ነው። ባለ 80 ጊጋባይቱ ሃርድ ዲስክም በኤፍዲስክ (በዲስክ መከፋፈያው ፕሮግራም) ሲታይ 10 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ነው። ተበላሽተው ይሆን?

መልስ፦ ሁለቱም ደህና ናቸው። ራሙ በዛ እንጂ አላነሰም። የዊንዶውስ 98 የዲስክ ካሽ (የዲስክ ፋይሎችን ለፍጥነት ራም ላይ የሚያቆይበት ቦታ) በራሙ ልክ ያድጋል፤ ራሙ ከ512 ሜጋባይት ሲያልፍ ካሹ ለሲስተሙ የተመደበውን የአድራሻ ቦታ (ሚሞሪን የሚጠራበትን የቁጥር ክልል) ይጨርሰዋል። የኤጂፒ ግራፊክስ ካርድም ከዚያው ቦታ ስለሚሻማ ነገሩ ይብሳል። ኮምፒውተሩን አጥፍተው ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉ፤ ከዚያ ባለ 256 ወይም ባለ 512 ሜጋባይት አንድ ራም ብቻ ይተዉ። 256 ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። 512 ከተዉ ግን ሲስተም ዶት አይኤንአይ (system.ini) በሚባለው የዊንዶውስ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ፣ ቪካሽ ([vcache]) በሚለው ርዕስ ሥር፣ ማክስፋይልካሽን (MaxFileCache) 262144 ያድርጉት። ቁጥሩ በኪሎባይት ስለሆነ ካሹ ከ256 ሜጋባይት አያልፍም።

የዲስኩ ነገር የኤፍዲስክ የስሌት ስሕተት ነው፦ ከ64 ጊጋባይት በላይ የሆነውን ዲስክ 64ቱን ቀንሶ ያሳያል። ስለዚህ በኤፍዲስክ አይከፋፍሉት። ዲስኩ ላይ የሚፈለግ ነገር ካለ አስቀድመው ሌላ ቦታ ያስቀምጡ። ከዚያ ጂፓርትድ በሚባለው የዲስክ መከፋፈያ ፕሮግራም 20 ጊጋባይት የሚሆን ፕራይመሪ ፓርቲሽን (ዋና ክፍልፋይ) ዊንዶውስ 98 በሚያውቀው የፋይል አደረጃጀት በፋት32 ይሥሩና፣ ኮምፒውተሩ ከዚያ እንዲነሣ የቡት ምልክቱን ያብሩለት። ዲስኩን በትልቅ ለመቀየር ካሰቡ፣ ዊንዶውስ 98 ይዞት የመጣው የአይዲኢ ድራይቨር (ሃርድ ዲስኩን የሚያሠራው ፕሮግራም) ከ137 ጊጋባይት በላይ መድረስ አይችልም፤ ከዚያ አልፎ የሚጻፈው ዳታ ወደ ዲስኩ መጀመሪያ ዞሮ የነበረውን ይደመስሳል።

ሴትአፕን ከመጀመርዎ በፊት ሲዲው ላይ ያለውን ዊን98 ፎልደር ወደ ሲ ድራይቭ ይገልብጡትና ሴትአፑን ከዚያ ያስነሡት። እንዲህ ካደረጉ ድራይቨር በጫኑ ቁጥር ሲዲ አይጠይቅም። ከድራይቨሮች መጀመሪያ የቺፕሴቱን (የማዘርቦርዱን ዋና ቺፖች)፣ ቀጥሎ የግራፊክሱን ይጫኑ። ፍላሽ ዲስክ የራሱን ድራይቨር ካልጫኑለት አይታይም።

ግን የሶፍትዌሩ ፎንት ፋይል እጅዎ ላይ ካለ፣ ይህን ሁሉ ከመድከምዎ በፊት ፎንቱን በአዲሱ ኮምፒውተር ጭነው መዝገቦቹን ይክፈቱ። ለማንበብ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይበቃል።