ጉልበቴን እያመመኝ ከቡድን ጋር መናፈሻ መጎብኘት እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ደሴ፣ ሸዋበር አካባቢ የምኖር ጡረተኛ መምህርት ነኝ። ልጆቼ ተሰባስበው ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ኢስታንቡል ከሚሄድ ቡድን ጋር ከፍለውልኛል። ፕሮግራሙን ሳየው ግን ደነገጥኩ። በቀን አራት አምስት ቦታ! እኔ ደግሞ ጉልበቴን ያመኛል። አበባ ግን ነፍሴ ነው። ቡድኑን ሳላስቸግር መናፈሻዎቹን ረጋ ብዬ ማየት እችላለሁ? ስመለስስ የቱሊፕ ሥር አምጥቼ ግቢዬ ብተክለው ይበቅልልኛል?

መልስ፦ እትዬ፣ አብሽሩ! ወሩን ልጆችዎ መርጠውልዎታል። በዚያ ሰሞን ኢስታንቡል በቱሊፕ ተሞልታ ነው የምትጠብቅዎት።

ከኮምቦልቻም ከደሴም ቡድን እየያዝኩ ስለምሄድ ፕሮግራም ማንበብ ሥራዬ ነው። እርስዎም በእስክሪብቶ እያሰመሩ ያንብቡት። «እናያለን» እና «እንገባለን» አንድ አይደሉም። «እናያለን» ካለ ብዙ ጊዜ በአውቶቡስ መስኮት ነው። የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ ዝግ ነው፤ ትልቁ የተሸፈነ ገበያ ደግሞ እሑድ። ፕሮግራሙ በእነዚህ ቀናት ከጻፋቸው ከአሁኑ ይጠይቁ። አያሶፊያ የሚባለው ጥንታዊ መስጊድም ለውጭ አገር ጎብኚ ከ2024 ወዲህ በክፍያ ሆኗል፤ 25 ዩሮ ነው የጀመረው። ጎብኚው የሚወጣው ወደ ላይኛው ፎቅ ነው፤ ምድሩ ለሰጋጆች ነው። ልጆችዎ የከፈሉት ይህን ይጨምር እንደሆነ ይወቁ። አጠገቡ ያለው የሱልጣን አሕመድ መስጊድ ግን በነፃ ነው፤ በሶላት ሰዓት ብቻ ጎብኚ አያስገቡም።

አሁን ወደ አበባው። ለእርስዎ ጉልሃኔ የሚባለውን መናፈሻ ነው የምመርጠው። ድሮ የቶፕካፒ ቤተ መንግሥት የውጭ አትክልት ቦታ ነበር። በ1912 ለሕዝብ ተከፈተ። መግቢያው በነፃ ነው። ቡድንዎ ቶፕካፒ መግባቱ አይቀርም፤ እዚያ ደግሞ ሰልፉና መቆሙ ለጉልበት አይሆንም። የመጀመሪያውን ግቢ አይተው ለመሪው ይንገሩና ወደ ጉልሃኔ ይውረዱ። ቁልቁለቱ ድንጋይ ንጣፍ ስለሆነ አብሮዎት የሚወርድ ሰው አያጡ። መናፈሻው ውስጥ የጥንት ዛፎች ጥላ አለ፤ መቀመጫም ሞልቷል። መገናኛችሁ ትራሙ የሚቆምበት ትልቁ በር ይሁን። የሆቴሉን ካርድም ከቦርሳዎ አይለዩት፤ መንገድ ቢጠፋዎት ለታክሲ ሹፌር ማሳየት ነው።

ቱሊፕ በብዛት ያለው ግን ኤሚርጋን የሚባለው መናፈሻ ነው። ከመሀል ከተማው ራቅ ይላል፤ ቦስፎረስ የሚባለው የባሕር መተላለፊያ ዳር ነው። አፕሪል ላይ የቱሊፕ በዓሉ የሚደምቀው እዚያ ነው። ቦታው ዳገት ነው። ሃረጎን በእግር እንደመውጣት ባይሆንም ጉልበትዎ ይሰማዋል። ቢጫ፣ ሮዝና ነጭ የሚባሉ ሦስት የቆዩ ቤቶች አሉ፤ እነሱ ጋ እያረፉ ይውጡ። ቅዳሜና እሑድ ከተማው ሁሉ ቤተሰቡን ይዞ ስለሚመጣ በሥራ ቀን ቢሆን ይሻላል። ንፋሱ ቀዝቃዛ ነው፤ የደሴ ሰው ይህ ባይከብደውም ጋቢዎን አይርሱ። መምህርት ስለሆኑ ይህንንም ልጨምር፦ ሆላንዶች ቱሊፕን ያገኙት ከኦቶማኖች አገር ነው። ከ1718 እስከ 1730 ያለውን ጊዜ ቱርኮች ራሳቸው «የቱሊፕ ዘመን» ይሉታል።

«ጊዜው ከየት ይመጣል?» ካሉኝ፣ ከሱቁ ነው። ብዙ ፕሮግራም ውስጥ የቆዳ ወይም የምንጣፍ ሱቅ አለ። ሻይ ይጋበዛሉ፣ ምንጣፍ ይዘረጋል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። አስጎብኚው ብዙ ጊዜ ከሽያጩ ኮሚሽን ያገኛል። ይህን በመናገሬ ባልደረቦቼ ይቀየሙኛል፤ ይቀየሙ። ከመነሳታችሁ በፊት «ሱቁ ቀርቶ ኤሚርጋን እንሂድ» ብለው ጠይቁ። ሦስት አራት ሰው ከደገፈዎት መሪው እምቢ ለማለት ይቸግረዋል። እርስዎ ብቻ እንዳይጠይቁ ግን።

የቱርኮችን ቡና ሲጠጡ አተላው ከሥር እንዳለ አይርሱ። ሁለተኛና ሦስተኛም የለውም፤ በረካ ብለው ቢጠብቁ አይመጣም።

የቱሊፕ ሥሩን በተመለከተ፣ የሚተከል ነገር ወደ አገር ለማስገባት የዕፅዋት ጤና ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ሻጩ ያንን ካልሰጠዎት ኤርፖርት ላይ ሊወሰድብዎት ይችላል። ሥሩ ለማበብ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ብርቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል። የእኛ ኮምቦልቻ ጭራሽ አይሆነውም። የደሴም ብርድ ሌሊት ነው እንጂ ቀን ላይ ፀሐዩ ያሞቃል። ስለዚህ ከመትከልዎ በፊት በወረቀት ከረጢት አድርገው ፍሪጅ ውስጥ ያቆዩት። ሙዝና ፖም ግን አጠገቡ አያስቀምጡ፤ ከፍራፍሬው የሚወጣው ጋዝ እምቡጡን ከውስጥ ይገድለዋል።