ገንዳው ለምን ይሞላል? እና ሌሎች የቆሻሻ ጥያቄዎች

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አራቱ ስለ ቆሻሻ ናቸው። ደስ ብሎኛል። እንጀራዬ የከተማን ቆሻሻ በቁጥር ማስላት ነው፤ ሰርግ ቤት ሥራዬን ስናገር ግን ሰው ቶሎ ብሎ ወሬ ይቀይርብኛል። ዛሬ የሚያስቆመኝ የለም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። የጋሪ ልጆቹ ቀናቸውን ጠብቀው ከየቤታችን ይወስዳሉ። ችግሩ ከግቢያችን በር አጠገብ ያለው ገንዳ ነው። ሞልቶ፣ ዙሪያው ፈሶ፣ ውሻ እየጎተተው ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ስንጠይቅ «መኪና የለም» ይሉናል። መኪና ቢገዛ በእርግጥ ይቀረፋል? (የሦስት ልጆች እናት)

መልስ፦ እህቴ፣ መኪናውማ ብዙ ጊዜ አለ። ያለው ግን ቆሻሻ መድፊያው በር ላይ ተሰልፎ ነው።

በቁጥር ላሳይዎት። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የያዝኳቸው ናቸው። 30,000 ሰው የሚኖርበት ሰፈር እንውሰድ። አንድ ሰው በቀን 0.4 ኪሎ ይጥላል ብንል 12 ቶን ይመጣል። አንድ ሜትር ኪዩቡ 300 ኪሎ ቢመዝን ቆሻሻው 40 ሜትር ኪዩብ ነው። ባለ 8 ሜትር ኪዩብ ገንዳ ከሆነ በቀን አምስት ገንዳ ይሞላል።

ገንዳ የሚያነሳው መኪና በአንድ ዙር የሚሸከመው አንድ ገንዳ ብቻ ነው። ያነሳል፣ መድፊያው ወዳለበት ወደ ቆሼ ይሄዳል፣ ይደፋል፣ ባዶውን ይመልሳል። ደርሶ መልሱ ሁለት ሰዓት ከፈጀበት በስምንት ሰዓት ሥራ አራት ገንዳ ያነሳል። ሁለት መኪና ካለ ስምንት። የሚያስፈልገው አምስት ነው፤ አንዱ መኪና ለግማሽ ቀን ቢበላሽ እንኳ ማንም አያውቅም።

አሁን ክረምት ገባ እንበል። መድፊያው ጭቃ ሆነ፣ ቆሻሻውን የሚገፋው ዶዘር ቆመ፣ ሰልፍ ተፈጠረ። ደርሶ መልሱ ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስተኛው ዙር በስምንት ሰዓት ውስጥ አያልቅም። ስለዚህ እያንዳንዱ መኪና የሚያነሳው ሁለት ገንዳ ነው፤ ሁለቱ ተደምረው አራት። በቀን አንድ ገንዳ ሙሉ ቆሻሻ ሳይነሳ ያድራል። በሳምንት ሰባት። አንድም መኪና አልተበላሸም፣ አንድም ሹፌር ከሥራ አልቀረም።

ሦስተኛ መኪና ቢገዛስ? ስድስት ገንዳ ይነሳልና ይበቃል። የሚበቃው ግን የገዛው የእርስዎ ወረዳ ብቻ ከሆነ ነው። ሁሉም ወረዳ መኪና ጨምሮ ወደዚያው በር ከላከ ሰልፉ ይረዝማል። ዙሩ ከአራት ሰዓት አለፈ ማለት እያንዳንዱ መኪና በቀን አንድ ገንዳ ብቻ አነሳ ማለት ነው። ሦስት መኪና፣ ሦስት ገንዳ! በሁለት መኪና ከነበሩት አንሰው አረፉት። ይህን ነገር ወረቀት ላይ ሳያሰሉ በሐሳብ ብቻ ማየት ይከብዳል። መኪና ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፤ ሰልፍ ሲያጥር ግን የሚያጨበጭብ የለም።

ስለዚህ ወረዳውን «ስንት መኪና አላችሁ?» ብለው አይጠይቁ። «መኪናው ስንት ሰዓት ወጥቶ ስንት ሰዓት ተመለሰ?» ይበሉ። መድፊያው ላይ አንድ ተጨማሪ ዶዘር፣ ወይም መንገድ ጭር ሲል ማታ ማንሳት፣ ከአዲስ መኪና የበለጠ ሊሠራ ይችላል። የመጠየቅ መብትም አለዎት። ከውኃ ሒሳብዎ ጋር ተደምሮ የሚከፍሉት የጽዳት ክፍያ ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየሠራሁ ነው። አማካሪዬ የአዲስ አበባን የቤት ቆሻሻ ከአሰባሰቡ እስከ አወጋገዱ በሞዴል አሳይ ብሎኛል። ከየት ልጀምር? መረጃስ ከየት ላምጣ? (ተማሪ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነው። ላፕቶፑን ዝጋና አንድ ወረቀት አምጣ። ሳጥን ሳል። ቤት፣ ጋሪ፣ ገንዳ፣ መኪና፣ ቆሼ፣ ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት የሚያወጣው የረጲ ማመንጫ። ጎን ለጎን ደግሞ ማንም ሪፖርት የማያደርጋቸውን ሳጥኖች ጨምር። ቆራሌው፣ ወንዙ፣ ጓሮ ውስጥ የሚቃጠለው። ሳጥኖቹን በቀስት አገናኝ። ከዚያ ሕጉ አንድ ነው። ወደ ሳጥኑ የገባው ኪሎ፣ ከወጣውና ውስጥ ከቀረው ድምር ጋር እኩል መምጣት አለበት። እኩል ካልመጣ አንድ ቀስት ረስተሃል። አብዛኛውን ጊዜ የሚረሳው የወንዙ ነው።

ቁጥሩን ከሌላ አገር ገልብጠህ እንዳታስገባ። የዓለም ባንክ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከሰሃራ በታች ያለው አማካይ በሰው በቀን 0.46 ኪሎ ነው። እሱም የቤቱን ብቻ ሳይሆን የሱቁንና የቢሮውን ጭምር ይዞ ነው። ሄደህ መዝን። ደህና ኑሮ ካለበት፣ መካከለኛ ከሆነበትና ከድሃ ሰፈር ቤቶች ምረጥ። ፌስታል አድልና ስምንት ቀን ሰብስብ። የመጀመሪያውን ቀን ጣለው፤ የከረመ ነው የሚሰጡህ።

ሸራ ዘርጋና ፌስታሉን ፍታ። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የከሰል አመድ፣ የጫት ገረባ፣ ዳይፐር ታገኛለህ። እጅህን ስታስገባ ይሞቃል፤ መብላላት ጀምሯል። ሀይላንድ ግን እምብዛም አታይም። ሰው ሀይላንድ ስለማይጠጣ አይደለም። የቤት ሠራተኛዋ ወይም ዘበኛው ቀድመው ለቆራሌው ለይተውታል፤ ከእሱ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። ቤት ውስጥ ብትመዝን ያለ፣ ገንዳ ላይ ብትመዝን የሌለ ዕቃ ብዙ ነው። ስለዚህ የት ቆመህ እንደመዘንክ ከቁጥሩ አጠገብ ጻፍ። ሁለት ጥናቶች የማይስማሙት ብዙ ጊዜ አንዱ በር ላይ፣ ሌላው ገንዳ ላይ ስለቆመ ነው።

አንድ ወጥመድ ላሳይህ። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ማህበራት ለረጅም ጊዜ ሲከፈላቸው የኖረው በሜትር ኪዩብ ነው። በይዘት ሲከፈል አየርም ይከፈልበታል። ጋሪው ላይ ከታች ቅርንጫፍና ካርቶን፣ ከላይ ደግሞ የእህል ማዳበሪያ ከረጢት ሲቆለል አይተህ ይሆናል። ልጆቹን አልወቅስም፤ እኔም ብሆን ረግጬ አልጠቀጥቀውም። አንተ ግን ያንን ደረሰኝ በ300 ኪሎ አባዝተህ «ከተማዋ ይህን ያህል ቶን ታመነጫለች» ካልክ የማይኖር ቆሻሻ ፈጠርክ።

ደግሞ አንዴ መዝነህ አትቅር። ጥር ላይ መዝን፤ ነሐሴ ላይም መዝን። ጋሪው ክፍት ነው፣ ገንዳውም ብዙ ጊዜ ክዳን የለውም። ዝናቡ ይገባል። ሰው አንዲት ግራም ሳይጨምር መኪናው ይከብዳል። በዓልም አለ። የፋሲካ ማግስት ፈርሱ፣ ላባው፣ ቄጤማው አንድ ላይ ይወጣል። የበግ ቆዳ ድሮ ከየበሩ ገዢ እየተጣራ ይወስደው ነበር። ዋጋው ሲወድቅ ገንዳ ውስጥ ይጣል ጀመር። የቆዳ ገበያ ጉዳይ ነው ልትል ትችላለህ፤ ሞዴልህ ውስጥ ግን በኪሎ ይገባል፤ ሽታውም በሦስተኛው ቀን ራሱን ያስመዘግባል።

የመጨረሻውን ሳጥን፣ ቆሼን፣ እንደ ቱቦ አትቁጠረው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲደፋበት የኖረ ክምር ነው። ዛሬ የገባው ትናንት ከገባው ላይ ይቆማል። በ2008 ዓ.ም ቆሻሻው ወደ ሰንዳፋ መሄድ ጀምሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ሲቃወሙ ብዙም ሳይቆይ ቆመና ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። በቀን የሚገባውን ቶን ብቻ የሚቆጥር ሞዴል ይህን አያየውም። የክምሩን ከፍታ፣ የጎኑን ተዳፋት፣ በውስጡ የያዘውን ውኃ የሚያስገባ አንድ ሠንጠረዥ ጨምር። ከሥሩ የሚኖር ሰው ስንት እንደሆነም ጻፍ። አማካሪህ «ይህ የቆሻሻ አሰባሰብ አይደለም» ካለህ በእኔ ስም ተከራከር።

ጥያቄ፦ እዚህ ስቶክሆልም ቆሻሻ ተቃጥሎ ቤት ያሞቃል። አልበቃ ብሏቸው ከጎረቤት አገር ሁሉ ያስመጣሉ። እኛስ ጋ ረጲ ማመንጫ ተሠርቶ የለ? ታዲያ ቆሼ ለምን አልተዘጋም? (ስደተኛው አንባቢ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ እዚያ የምትጥለውና እናትህ እዚህ የምትጥለው አንድ ዓይነት ዕቃ አይደለም። አንተ ጋ የምግብ ትርፍራፊው ለብቻው ወጥቶ ባዮጋዝ ይሆናል፣ አውቶቡስ ይነዳል። ለምድጃው የሚቀረው ማሸጊያ፣ ወረቀትና ላስቲክ የበዛበት ደረቅ ነገር ነው። የእኛው በአብዛኛው የማድ ቤት ነው፤ ውኃ ነው።

አንድ ኪሎ ቆሻሻ ውሰድ። 600 ግራሙ ውኃ፣ 150 ግራሙ አመድና አፈር ይሁን። የሚነደው 250 ግራም ቀረ። የሚነደው በኪሎ 20 ሜጋጁል ሙቀት ቢሰጥ 5 ሜጋጁል አገኘን። ከዚህ ላይ ውኃውን ብቻ ለማትነን 1.5 ገደማ ይሄዳል። 3.5 ተረፈን። የዓለም ባንክ መመሪያ ደግሞ ለማቃጠያ የሚሆን ቆሻሻ በዓመት በአማካይ ከ7 ሜጋጁል እንዳያንስ ይላል። በእርጥብ እንጨት እንጀራ ጋግሮ የሚያውቅ ሰው ቁጥሩን ሳያይ ይገባዋል። አሁን ውኃውን ወደ 400 ግራም አውርደው፣ አመዱን አትንካው። የሚነደው 450 ግራም ሆነ፤ 9 ሜጋጁል ይሰጣል፤ ለማትነኛ 1 ቢቀነስ 8 ይተርፋል። ከአንድ ኪሎ ውስጥ የቀነስነው ውኃ 200 ግራም ብቻ ነው፤ ሙቀቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ረጲ በነሐሴ 2010 ዓ.ም ሲመረቅ በቀን 1,400 ቶን ያቃጥላል ተብሎ ነበር። ለእኔ ዋናው ጥያቄ ከቶኑ ይልቅ እርጥበቱ ነው። እርጥቡን ከቤት ጀምሮ ለይተን ለኮምፖስት ብንሰጠው ምድጃው ይቀልለዋል። ከቆሼ የሚወጣው ሜቴንም ይቀንሳል፤ ያ ጋዝ በመቶ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። ግን አንድ ጠብ አለ። ለምድጃው ምርጥ ማገዶ ወረቀትና ላስቲክ ነው፤ ቆራሌው የሚፈልገውም ያንኑ ነው። አንዱ ሲያገኝ ሌላው ያጣል። እኔን ከጠየቅከኝ ለቆራሌው ነው የማደላው። ያለ በጀት፣ ያለ ብድር፣ በእግሩ እየዞረ ነው የሚሠራው። ማመንጫ ሲታቀድ የእሱ ድርሻ አስቀድሞ ከማገዶው ላይ መቀነስ አለበት።

ጥያቄ፦ በአንድ የክልል ከተማ ጽዳት ክፍል እሠራለሁ። ያሉን ገንዳ የሚያነሱ መኪኖች ናቸው። የመኪና መንገድ የሚያሳጥር ሶፍትዌር እንድንገዛ ሐሳብ ቀርቦልናል። ያዋጣናል?

መልስ፦ አያዋጣችሁም። የዚህ ሒሳብ መሠረት በ1960 እ.ኤ.አ. አንድ ቻይናዊ የሒሳብ ሊቅ ያነሳው ጥያቄ ነው። ፖስተኛ ሁሉንም መንገድ አዳርሶ በአጭሩ እንዴት ይመለስ? በ1974 ደግሞ የኒው ዮርክ የቆሻሻ መኪኖች መንገድ በሒሳብ ሲጠና ስሙ ገነነ። ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን የሚጠቅመው መኪናው በየመንገዱ እየቆመ ከረጢት በከረጢት ሲለቅም ነው። የእናንተ መኪና አንድ ገንዳ አንስቶ መድፊያ ይሄዳል፣ ይመለሳል። የሚያጥር መንገድ የለውም። የሚያጥር ሰልፍ ነው ያለው፤ የጀሞዋን እህት መልስ ያንብቡ።

በዚያ ብር የመኪና ሚዛን ግዙና መድፊያው በር ላይ ትከሉ። ሚዛኑ እስኪመጣ ደብተር ይበቃል። ታርጋ፣ የገባበት ሰዓት፣ የወጣበት ሰዓት፣ ከየት ሰፈር እንደመጣ። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ሙሉ ይመዝገብ። ከዚያ ኤክሴል ላይ አውጡትና ላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን። ገንዘብ ከተረፈ ለበረኛው መብራት ግዙለት፤ የማታው ቁጥር እንዲነበብ።